ባዊ የሚባል ሰው የለም

"የለም አልኩሽ እኮ! ሦስት ጊዜ ፈለግኩ፣ ሦስቴም የለም።"

የወረዳው ጸሐፊ መዝገቡን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ዳሱል ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ የተሰለፉት ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ጀመር፤ እሷ ግን በጉሮሮ ጠረጋ የምትገፋ ሴት አይደለችም። አሥራ አንድ ዓመት በኮጄ ደሴት የመርከብ ፋብሪካ ብረት ስትበይድ ኖራለች። ሃምሳ መዶሻ በሚጮህበት መሀል ድምጿን ማሰማት ታውቅበታለች።

"አንተ የፈለግከው በቤተሰብ መዝገብ ውስጥ ነው" አለችው። "እኔ ያልኩህ የሰሜንና የደቡቡን ጦርነት የሦስተኛ ዓመት ገቢ ደብዳቤዎች ነው።"

"እነሱ መጋዘን ናቸው። አቧራ ብቻ ነው።"

"አቧራ አልፈራም። አንተ ከፈራህ ቁልፉን ስጠኝ።"

"ደግሞ በቻይና ፊደል ነው የተጻፉት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ራሴ አላነባቸውም።"

"እኔ አነባቸዋለሁ።"

"የት ተማርሽ?"

"በምሳ ሰዓት፣ ብረት ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። "ልጄ፣ ስጣትና ትሂድልን፤ ይህቺ ዛሬ እዚሁ ማደሯ ነው" አለ። ጸሐፊው እያጉረመረመ ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

ዳሱል የምትፈልገው አያቷን ነበር፤ የእናቷን አባት ታክ ዩንሆን። በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ስሙ አጠገብ አንዲት መስመር ተጽፋለች፦ *በገዛ ፈቃዱ ወደ ሰሜን ሄደ።* ከጠላት ወገን ገባ ማለት ነው፤ ያቺ መስመር የቤቱን ሰው ሁሉ በልታለች። የዳሱል እናት ኦክሬ የመምህርነት ፈተና ሁለት ጊዜ አልፋ፣ ሁለቱንም ጊዜ "የአባትሽ መዝገብ…" ተብላ ተመልሳለች። ልጆች ልታስተምርበት የነበረውን እጇን ይዛ፣ ሃምሳ ዓመት በባሕሩ ዳር ጎጆ ውስጥ ዛጎል ስትፈለቅቅ ኖረች። ጣቶቿ ዛሬ ቀጥ ብለው አይዘረጉም።

ባለፈው ጸደይ ነው ዳሱል በደሴቱ ላይ በጦርነቱ የሰሜን ምርኮኞች የታሰሩበትን የድሮ ካምፕ ለማየት የገባችው። ዝናብ መጥቶባት እንጂ ታሪክ ፍለጋ አልነበረም። ግድግዳው ላይ በካምፑ የሞቱ እስረኞች ዝርዝር ተሰቅሏል። *ታክ ባዊ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከዶልሞሪ መንደር። በጦርነቱ ሦስተኛ ዓመት፣ በአራተኛው ወር በስምንተኛው ቀን በተቅማጥ ሞተ።* ዶልሞሪ የእናቷ መንደር ነው። ታክ ደግሞ ከፊት የሚቀመጠው የእናቷ የጎሳ ስም ነው። "ባዊ" ማለት አለት ማለት ነው፤ ሞት እንዳይቀናበት ብለው ለበኩር ልጅ የሚያወጡለት የቤት ስም እንጂ በመዝገብ የሚገባ ስም አይደለም። ማታውኑ ለእናቷ ደወለችና አባቷን በቤት ማን ይሉት እንደነበር ጠየቀቻት።  ኦክሬ "የአባቴ እናት ስታለቅስ 'ባዊዬ' ትል ነበር" አለች።

ጸሐፊው እጀ ጠባቡ ነጭ እስኪሆን በአቧራ ተሸፍኖ ተመለሰ። የያዘው አቃፊ በሲባጎ የታሰረ ነበር። ዳሱል ቆማ ገለጠችው። ዘጠነኛዋ ወረቀት ላይ ጣቷ ቆመ።

ከካምፑ የተላከ የሞት ማስታወቂያ ነው። ታክ ባዊ፣ የደቡብ ተወላጅ፣ በሰሜን ጦር በግዳጅ ተወስዶ የተማረከ፣ ሟች። ለቤተሰቡ እንዲነገር። በወረቀቱ ላይ በሰያፍ በወፍራም ብሩሽ ተጽፎበታል፦ *በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በዚህ መንደር የለም። ይመለስ።* ከሥሩ ቀይ ማኅተም፦ ታክ ጉሶፕ፣ ጸሐፊ። "ይመለስ" ተብሎም አልተመለሰም፤ ሰባ ዓመት እዚሁ ታስሮ ከርሟል።

ታክ ጉሶፕ የባዊ የአጎት ልጅ ነበር። በአንድ ግቢ ያደጉ ናቸው።

"ምን ይላል?" አለ ጸሐፊው።

"ውሸት ይላል" አለች ዳሱል። "ኮፒ አድርገህ የዛሬ ማኅተም ምታልኝ። ጥርት ያለ ይሁን።"

መኪናዋን እየነዳች በባሕሩ ዳር መንገድ ስትወርድ ደሴቱ ከፊቷ ነበር፤ የመርከብ ፋብሪካው ቀያይ ክሬኖች ሳይቀሩ ይታያሉ።  ሴት አያቷ በሰሜን በኩል ያለው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ባሏን ስትጠብቅ ነው የሞተችው። ሰውዬው ግን ከደጃፏ በሚታይ ደሴት ላይ፣ በደቡብ በኩል ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ እንድትጠብቀው ያደረጋት አንድ ብሩሽ ነው።

እናቷ ቤት ስትደርስ ደጁ ላይ የተወለወለ የወንድ ጫማ አየች። ሽማግሌው ታክ ሆንግሙ መጥቷል፤ የጎሳው አለቃ፣ የጸሐፊው የታክ ጉሶፕ ልጅ። ቀኑ በጨረቃ አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን ነው። የሞተበት ቀን ላልታወቀ ሰው የሙት ማዕድ የሚቀርበው በዚህ ቀን ነው፤ ኦክሬም እናቷ ከሞተች ጀምሮ አንድ ዓመት አጓድላ አታውቅም። ከማዕዱ በስተጀርባ የሚቆመው ተጣጣፊ መጋረጃ ቆሟል፣ ከፊቱ ዓሣው፣ ፍሬው፣ የሩዙ ጎድጓዳ ሳህን ተደርድሯል።

ሆንግሙ ወረቀት ዘርግቶ ተቀምጧል። በሠላሳ ዓመት አንዴ የሚታተመው የጎሳው የዘር መጽሐፍ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ እሱም ከየቤቱ ፊርማ እየሰበሰበ ነው። የኦክሬ ዕድሜ ሰባ አራት ነው። ሌላ ሠላሳ ዓመት የላትም።

"መጣሽ? ነይ፣ እናትሽን አስፈርሚልኝ" አለ ሆንግሙ። "እንደ ድሮው ነው፤ ወደ ሰሜን ሄደ፣ መጨረሻው አይታወቅም።"

"ይታወቃል፣ አጎቴ።" ዳሱል ኮፒውን ከፊቱ አስቀመጠች።

ሽማግሌው መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ አወለቀ። "ይህን ከየት አመጣሽው?" አለ።

"'ምንድን ነው' አላሉም" አለች ዳሱል። "'ከየት አመጣሽው' ነው ያሉት። እርስዎ ያውቁ ነበር ማለት ነው።"

"አንቺ ብየዳሽን ብየጂ! የዘር ጉዳይ የብረት ጉዳይ አይደለም።"

"የብረት ጉዳይማ ይሻላል። እኛ ስንጥቅ ላይ ቀለም የቀባ ሰው ካገኘን ከሥራ እናባርረዋለን። እናንተ የጎሳ አለቃ ታደርጉታላችሁ።"

"ዳሱል!" አለች እናቷ ከምድጃው አጠገብ። ከዚያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ወረቀቱን አየችው። የቻይና ፊደሉን ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙን ግን አወቀችው። "ጋሼ ጉሶፕ ናቸው?"

ዳሱል ቃል በቃል አነበበችላት። ኦክሬ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"አባቴ ምን ያድርግ?" አለ ሆንግሙ፤ ድምጹ ተሰነጠቀ። "ዘመኑን አታውቁትም! የቀይ እስረኛ ዘመድ ያለው ጸሐፊ በማግስቱ ከነቤተሰቡ ይጠፋ ነበር። እኔ ያኔ ጨቅላ ነበርኩ፤ ለኔ ሲል ነው።"

"እሺ፣ ፈሩ" አለች ዳሱል። "ፍርሃቱን ልተውላቸው። 'ሰው የለም' ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ! ግን መዝገቡ ላይ 'በገዛ ፈቃዱ ወደ ሰሜን ሄደ' ያለውም ያው ብሩሽ፣ ያው ማኅተም ነው። የሰሜን ጦር በጠመንጃ አፈሙዝ ጎትቶ የወሰደውን ሰው! ሕፃን ለማዳን ነው ያሉኝ አይደል? በእናቷ ሆድ ሆና አባቷን ያጣችው እናቴስ ሕፃን አልነበረችም?"

"ውለታ ቢስ! አባቴ እስኪሞት ድረስ በየመኸሩ አንድ ጆንያ ሩዝ በደጃችሁ ያስቀምጥ አልነበረም?"

 ምድጃው ላይ የነበረው ዘይት ብቻ ይንጫጫል።

"ሩዙን የሚሰጡን ስለሚወዱን ይመስለኝ ነበር" አለች ኦክሬ። "አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሄጄ መሬት ድረስ እሰግድላቸው ነበር።"

ሆንግሙ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። ቆይቶም ብዕሩን አወጣ። "ስሙኝ። 'በበሽታ ሞተ' ብዬ ቀኑን አስገባለሁ። ወደ ሰሜን ሄደ የሚለው ይሰረዛል። ኮፒው ግን ለኔ ይሰጠኝ። የአባቴ ማኅተም የሰው መጫወቻ እንዳይሆን።"

ዳሱል አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ጎባጣ ጣቶቿን አነሳች።

"'በበሽታ' አይደለም" አለች ኦክሬ። "እስረኛ ሆኖ በኮጄ ሞተ። እስረኛ የምትለዋን ቃል ይጻፉልኝ። ወረቀቱ የልጄ ነው፤ አይሰጥም።"

"አይሆንም ብልስ?"

"እንግዲያው የኔንም ስም ያውጡት። እኛ ሴቶች የዘር መጽሐፍ ውስጥ የገባነው ገና ዘንድሮ አይደል? በመውጣቱ ልምድ አለን።"

ሽማግሌው ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ድምጽ አወጣ።  ከዚያ ሰረዘ፣ ጻፈ። ዳሱል ከትከሻው በላይ ሆና ፊደል በፊደል ተከተለችው፤ አንዷንም አላመነችውም። እስረኛ የምትለዋ ቃል ነበረች።

ኦክሬ ግን እሱን ትታ ወደ ማዕዱ ዞራ ነበር። የሙት ማንኪያ ሩዙ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰካል፤ እሷም ቅድም ሰክታው ነበር።

"አራተኛው ወር፣ ስምንተኛው ቀን" አለች። "በዚያ ዓመት በጨረቃ ስንት ይሆናል?"

"ሦስተኛው ወር፣ አሥራ አራት" አለች ዳሱል። ከጸደይ ጀምሮ አስልታ በልቧ ይዛዋለች።

"ጨረቃ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት።" ኦክሬ ራሷን ነቀነቀች። ማንኪያውን ከሩዙ ነቅላ፣ በሽርጧ ጠርጋ፣ ከነሳህኑ ሆንግሙ ፊት አስቀመጠችው።

"ይብሉ፣ ወንድሜ። ሳይቀዘቅዝ።"

"ምን ነካሽ? ማዕዱ ገና አልቀረበም እኮ!"

"አይቀርብም።" ኦክሬ መጋረጃውን ክፍል በክፍል ታጥፈው ጀመር። "በዚህ ቀን የሞተ ሰው በዚህ ቤት የለም። ይመለስ።"