ያልታጠበው ፊልም

ማሪቱ ከልጅ ልጇ ጋር ከቡራዩ ተነስታ ሰበታ እስክትደርስ እጇን ከጉያዋ አላወጣችም። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ያቺን ትንሽ ቆርቆሮ ታጠብቃታለች። በቆርቆሮዋ ውስጥ ያለው ጥቅል ፊልም ነው። የልጅ ልጇ ያለምወርቅ ክርስትና የተነሳች ዕለት፣ እናቷ፣ የማሪቱ ልጅ አትክልት፣ ታቅፋት ፎቶ የተነሳችበት። አትክልት ልጇ ድክ ድክ ስትል እንኳ ሳታይ በተስቦ ሞተች፤ ሌላ ፎቶ የላትም። ያነሳቸው የክርስትና እናቲቱ ባል ካሳሁን ነበር፤ ፊልሙን ሳያሳጥብ ሐረር ተዛወረና ትቶላቸው ሄደ።

አዲስ አበባ ያለው ፎቶ ቤት የማጠቢያውን ዋጋ ሲነግራት፣ «የሰው ፊት ነው የምታጥቡት ወይስ ወርቅ?» ብላ ወጣች። አንድ የሱሉልታ ደብተራ በርካሽ የሚያጥብ ሰው አውቃለሁ፣ ስጪኝና ልላክልሽ አላት። ከእጅ ወጥቶ ቢጠፋስ? ክፉ ዓይን ቢያርፍበትስ? እንቢ አለች። እንዲህ ርካሹን ስትፈልግ፣ ርካሹን ስትጠራጠር፣ ያለምወርቅ ፊደል ቆጥራ ጨረሰች።

ፊልሙ ግን ደህና ነው ብላ ታምናለች። አይጥ እንዳይነካው፣ እርጥበት እንዳያገኘው፣ ከምድጃው በላይ ዘር የምትሰቅልበት ቆጥ ላይ ነው ያኖረችው። ጭስ የጠገበ ዘር ነቀዝ አይደፍረውም።

አብዱረዛቅ የሰበታ ገበያ ፎቶ አንሺ ነው። ከባለሦስት እግር ሳጥን ካሜራው ኋላ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ያነሳል፤ እዚያው አጥቦ ይሰጣል። ዋጋው ለድሃ ይሆናል።

«እማማ፣ የኔ ሳጥን ወረቀት እንጂ ፊልም አያውቅም» አላት። «የማጠቢያው መድኃኒት ግን አለኝ። ጓዳዬን ዘግቼ በጨለማ ልሞክር። ተስፋ ግን አልሰጥዎትም።»

«እኔም ገብቼ ልይህ።»

«በጨለማ ምኔን ያዩታል?»

ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ገርባ ሳቀ። «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ምን እንዲህ ያሳሳዎታል! ልጅዎን ለጋብቻ የጠየቀዎት መሰለኮ!»

ማሪቱ ቆርቆሮዋን አውጥታ ለአብዱረዛቅ ሰጠችው። በሩ ሲዘጋ ነጠላዋን አውልቃ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ወተፈችበት፤ የያለምወርቅን እጅ ይዛ እዚያው ቆመች።

አብዱረዛቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጥብጣብ ይዞ ወጣ። ወደ ፀሐይ አነሳው። ገለበጠው። እንደገና አነሳው።

«የት ነበር ያኖሩት?»

ነገረችው።

«ምነው እማማ! ቋንጣ አደረጉትኮ! ይሄ ነገር ሙቀት አይችልም።»

ማሪቱ ጥብጣቡን ተቀበለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥላሸት ነው። «እዚህ ጋ ነጠላ ይመስላል። አይመስልም?»

«ምንም የለም እማማ።»

«አንተ ወረቀት ላይ አትመው። ግድ የለም፣ እከፍልሃለሁ።»

«እንዲህ የጠቆረ ፊልም ቢታተም ነጭ ወረቀት ነው የሚወጣው። በነጭ ወረቀት ገንዘብዎን አልበላም።»

ገርባ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሲመለሱ ያለምወርቅ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ጥብጣቡን ስታይ ቆየች። ከዚያ ጠየቀች።

«እማዬ፣ እናቴ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ነበራት ያልሽኝ በየትኛው በኩል ነው?»

«በ…» ማሪቱ እጇን ወደ ቀኝ ጉንጯ አነሳች። ወደ ግራው መለሰችው። ጣቷ ፊቷን ሳይነካ ቆመ።

«በየትኛው?»

«ቆይ፣ ልጄ። ቆይ፣ ላስታውስ።»

ቡራዩ ደርሰው ሲወርዱም ጣቷ ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር።