የባጋፓት ልደትና አርባው ወይራ

ፊልቴስ ከሰርዴስ ከተማ ወጣ ብሎ አባቱ የተከላቸው አርባ የወይራ ዛፎች ነበሩት። ሌላ ሀብት አልነበረውም፤ ምላስ ሀብት ካልተባለ በቀር። የፋርሱ ሹም ባጋፓት በዚያ ቦታ ላይ ለአጋዘኖቹ የታጠረ መስክ አማረውና "አርባዎቹም ይቆረጡ" አለ። አለ፣ በቃ። ሹም ካለ ማን ምን ይለዋል!

የሹሙ ቤት አዛዥ ኡስታን ግን ፊልቴስን ወደ ጥግ ጎተተው።

"አንተ ግሪክ፣ ለቅሶህን ተውና ስማኝ። ጌታዬ ይህን የወሰኑት ሳይጠጡ ነው። በእኛ ሕግ ሳይጠጡ የተወሰነ ነገር ሰክረው ደግሞ ሳይመክሩበት አይጸናም።"

"ሰክረው?"

"ታዲያስ! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል አልሰማህም? ሁለቱ ውሳኔዎች ከተስማሙ ዛፉ ይቆረጣል፤ ካልተስማሙ ይቀራል። ነገ ልደታቸው ነው፤ ምሳ ላይ ይመከራል። ጌታዬ ሲሰክሩ አንጀታቸው ይራራል። ብቻ አንተ ጥሩ ወይን ጠጅ ይዘህ ና!"

ፊልቴስ እየበረረ ቤቱ ገባና ያለችውን ሁለት ጋን ወይን ጠጅ አወጣ። ሚስቱ ናኒስ ደግሞ ውሃ ተሸክማ መጣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልበርዘዋ! ለአንድ እጅ ወይን ሦስት እጅ ውሃ።"

"አንቺ ሴት፣ ሰውየው መስከር አለበት እኮ!"

"ይስከር! ግን እንደ ሰው ይስከር። ያልተበረዘ ያሳብዳል፤ የእናቴ ወንድም ያበደው በምን ሆነና? እንደ ፋርስ ሱሪ በሚለብስ አረመኔ ላይ ደግሞ እብደት ሲጨመርበት አስበው! ካበደ ከዛፎቹ በፊት ያንተን አንገት ነው የሚቆርጠው።"

ፊልቴስ አንገቱን ዳበሰ። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ እሱም እንደ ማንኛውም ግሪክ በዕድሜው ያልተበረዘ ወይን ቀምሶ አያውቅም። ሰው ተብሎ ማን ይቀምሳል! ሁለቱ ጋን ስምንት ጋን ሆነና በጎረቤት አህዮች ተጫነ።

በማግስቱ አንድ ሙሉ በሬ ከነቀንዱ ተጠብሶ ቀረበ። ባጋፓት ጠጣ። ደገመ። አሥረኛውን ጽዋ ጨለጠና እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አያቸው፤ አንዱም አይንቀጠቀጥም። እንግዶቹም እንደዚያው። እያንዳንዱ ያልሰከረው እሱ ብቻ መሰለውና ጉራው ተጀመረ።

"አሥራ ሁለት ጠጥቼ ይኸው በአንድ እግሬ ቆምኩ!" አለ አንዱ።

"ድንቄም! እኔ አሥራ አምስት!" አለ ሌላው፤ ብሎም ወደ ውጭ ሮጠ።

እናንተዬ፣ ያን ቀን ያልሮጠ ማን አለ! ወንዙ ከደጃፋቸው ነው፤ ነገር ግን ፋርስ ቅዱስ ነው በሚለው ወንዝ ውስጥ ከሚሸና ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ ያ ሁሉ መኳንንት ሱሪውን ጨብጦ ኮረብታውን እስኪሻገር ይሮጣል። የሰከሩት የባጋፓት አጎት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከልማድ ብዛት።

ፊልቴስ ከምሰሶው ጀርባ ተደብቆ ያያል። ኡስታን መጥቶ ክንዱን ጨመቀ።

"ምንድነው ያመጣኸው? ጌታዬ እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው ተቀምጠዋል! የሰከረ ሰው በሌለበት ስለ ዛፍህ እንዴት ይመከራል? አታለህ ከሆነ ወዮልህ! እኛ ሌላውን ብንምር ውሸት አንምርም።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ "ያ ግሪክ ይምጣ" ተባለ። የፈሩት ይደርሳል! ባጋፓት ብቻውን ደጅ ላይ ቆሞ ነበር።

"ውሃ ነው" አለ።

ፊልቴስ በግንባሩ ተደፋ። "ጌታዬ፣ እኔ አይደለሁም፣ ሚስቴ ናት!" ይኸው እንግዲህ ወንድ ማለት!

"ተነሣ። ከሁለተኛው ጽዋ ጀምሮ አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ... ለምን ዝም አሉ?"

ባጋፓት ጆሮውን ወደ ውስጥ አቀና። ከአዳራሹ የልጅ ዘፈን ይሰማል።

"ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። የልደቴን ቀን መጨረሻ አይቼው አላውቅም፤ በሬው ሳያልቅ እኔ እወድቃለሁ። ትንሿ ልጄ በየዓመቱ ዘፈን ታወጣልኛለች ይሉኛል። 'ጥሩ ነበር' እላታለሁ፣ አንድም ቀን ሳልሰማው። ዛሬ ሰማሁት። ሞቼ የተነሣሁ ነው የመሰለኝ፤ የእናቷን ድምፅ ነው የያዘችው።" አፍንጫውን በእጀታው ጠረገ። "ለከርሞም ይህንኑ አምጣ። ለማንም አትንገር። እኔም አልዋሸሁም፤ የጠየቀኝ የለም።"

ፊልቴስ እግሩን ሳመ።

"ዛፎቼስ፣ ጌታዬ?"

"ሕግ እንግዲህ ሕግ ነው" አለ ባጋፓት፣ ዘፈኑ እንዳያመልጠው ወደ ውስጥ እየተቻኮለ። "ስሰክር እንመክርበታለን።"