ሁለቱ የቀንድ ነጥቦች

ሚናስ ደባርቅ ውስጥ በርና አልጋ እየሠራ የሚተዳደር አናጢ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መምህርት ሕሊና ጊታሯን ይዛ መጣች። ጣት የሚያርፍበት ጥቁር ጣውላ ላይ ተገጥመው የነበሩት ነጫጭ ነጥቦች ረግፈው ጉድጓዳቸው ብቻ ቀርቷል። የምትጫወትበት የትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሚናስ ጊታር ነክቶ ባያውቅም እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ለዚህ የሚሆን ስስ መሣሪያ ጎንደርም አላገኘም። ስለዚህ ራሱ ሠራ። የጃንጥላ ሽቦ ቀጥቅጦና ስሎ መሮ አደረገው፤ የተሰበረ የብረት መቁረጫ ሴጌቶ ምላጭ በሞረድ አሳስቶ ቀጭን መጋዝ ሠራበት፤ ሚስማር ጠፍጥፎ መብሻ አበጀ። ነጥቦቹን ከበሬ አጥንት ቆረጠ። ስድስቱ አማሩለት፤ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሁለቱ ግን ደጋግመው ተሰነጠቁበት።

ቀኑ ሲያጥርበት ፋንታዬ የሰጠው የቀንድ ቁራጭ ትዝ አለው። ፋንታዬ ከከተማው አቅራቢያ ባለው የዱር እንስሳት ፓርክ ጥግ የሚኖር ገበሬ፣ የቆየ ወዳጁ ነው። ቁራጩን ለቢላዋ እጀታ ይሆንሃል ብሎ ሲሰጠው ሚናስ የምን ቀንድ እንደሆነ አልጠየቀም። ባይጠይቅም ገብቶት ነበር። ሁለቱ ነጥቦች ከዚያ ወጡ።

በአምስተኛው ቀን ሕሊና ጊታሯን ልትወስድ መጥታ ቆማ ሳለ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ጋሽ አሻግሬ ሰደፉ የተሰነጠቀ ጠመንጃቸውን ሊያስጠግኑ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ቦታ ሲፈልጉ እጃቸው ቁራጩ ላይ አረፈ። አነሡትና ጉብታውን በጣታቸው ዳበሱት።

«ሚናስ፣ ይኼ የምንድን ነው?»

«የበሬ ነው፣ ጋሼ።»

አሻግሬ ቁራጩን አላስቀመጡም። የበሬ ቀንድ እንዲህ ያለ ጉብታ እንደማያወጣ፣ እሳቸውም ዋሊያ ሲጠብቁ ሃያ ሁለት ዓመት እንደኖሩ ቀስ ብለው ነገሩት። ሕሊና አንዴ ጊታሯን፣ አንዴ ሚናስን ታያለች። ሚናስ ስም ቢጠራ ወዳጁ ይታሰራል። ዝም ቢል ገዳዩ እሱ ነው፤ ጊታሩም ኤግዚቢት ሆኖ ይቀራል።

«የዋሊያ ነው» አለ በመጨረሻ። «ፋንታዬ ነው የሰጠኝ። ገብቶኝ ነበር፤ ዝም ብዬ ተቀበልኩት። ጊታሩ ላይ ያሉት ሁለቱ ነጥቦችም ከሱ የወጡ ናቸው።»

«ንቀላቸው» አሉ አሻግሬ።

በሚስማሩ መብሻ ከሥር እየፈለፈለ ነቀላቸው። መብሻው ስቶ ጣውላው ተላጠ። አሻግሬ ነጥቦቹንና ቁራጩን በጋዜጣ ጠቀለሉ፤ ነገ ጠዋት ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ ነግረውት ጠመንጃቸውን እንደያዙ ወጡ። ሚናስ ባዶዎቹን ጉድጓዶች በእንጨት ብናኝና በኮላ ደፍኖ ጊታሩን ሰጣት። በማግስቱ በወላጆች ቀን ተጫወተችበት።

ፋንታዬ ሦስት ቀን ታሰረ። ቀንዱን ያገኘሁት ገደል ገብቶ ከሞተ ዋሊያ ላይ ነው ብሎ ስለነበር ስካውቶቹን ወደ ገደሉ መርቶ ወሰዳቸው። ጥይት ያልነካው አፅም ድንጋይ መሐል ተገኘ። እሱም ሚናስም በማስጠንቀቂያ ታለፉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚናስ ገበያ ውስጥ ፋንታዬን ፈልጎ ይቅርታ ጠየቀው።

«ያስከፋኝ ስሜን መጥራትህ አይደለም» አለው ፋንታዬ። «አስቀድመህ ሰው ልከህ ብታስታውቀኝ ኖሮ ራሴ እቀርብ ነበር፤ ልጆቼ ፊት አልያዝም ነበር።»

ሚናስ የተሸከምከውን የገብስ ጆንያ ልያዝልህ አለው። ፋንታዬ ጆንያውን አልሰጠውም፤ ተመለስም አላለውም። እስከ ገበያው ጫፍ አብረው ሄዱ።