አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ትንፋሽ

«ጋሽ ቅኝት» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የኦርኬስትራው ልጆች ናቸው። የቫዮሊን ክር ሲላላ ከሦስት ክፍል ወዲያ ይሰማቸዋል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቢቀራቸውም ጆሯቸው ገና ጎረምሳ ነው ይባላል። ስለዚህ ለአንዲት የቫዮሊን ወንበር ሃያ ሰው ሲወዳደር ከአምስቱ ዳኞች አንዱ እሳቸው መሆናቸው ማንንም አላስገረመም።

ኦርኬስትራው ዘንድሮ በሬን ለሁሉም ከፍቻለሁ ብሏል። መግቢያው ላይ በተለጠፈው ትልቅ ፎቶ ጠይሙም፣ ቀዩም፣ ባለ ክራንቹም፣ ሻሽ ያሰረችውም ቫዮሊን ታቅፈው ይስቃሉ። እውነቱን ለመናገር ከእነሱ ግማሾቹ ቫዮሊን የነኩት ፎቶ የተነሡ ዕለት ብቻ ነው። ፈተናው ግን ቀልድ አያውቅም። ዳኞችና ተፈታኝ እንዳይተያዩ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ጫማ እንዳያሳብቅ ምንጣፍ ተነጥፏል። ተፈታኙ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ለማለፍ የሦስት ዳኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አንድ አዲስ ደንብም አለ፦ ተፈታኙን ያወቀ ዳኛ ተናግሮ፣ ፈርሞ ከድምፅ ይወጣል።

ከሠላሳ ዓመት በፊትም መጋረጃ ነበረ፣ ለወጉ ያህል። ደንቡ ግን አልነበረም፤ ለኅሊና የተተወ ነበር። ያኔ የአዳራሹ ጠራጊ ሴት ልጅ ነበረቻት። ጋሽ ቅኝት በምሳ ሰዓት፣ ወንበር በሚከማችበት ክፍል፣ ሰው ሳያይ ቫዮሊን ያስተምሯት ነበር። ልጅቷ መጫወት ከመጀመሯ በፊት በአፍንጫዋ ትንፋሽ ትስባለች፤ አንድ ረጅም፣ ከዚያ አልቅሶ ዝም እንዳለ ሕፃን ቆረጥ ያለ አንድ አጭር። ቢቆጧትም ልትተወው አልቻለችም።

የፈተናዋ ቀን ያ ትንፋሽ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰማ። ቀጥሎ የተጫወተችው ሌሎች ሁለት ዳኞችን አፍ አስከፈተ። ጋሽ ቅኝት ግን የሚያስቡት ሌላ ነበር፦ ነገ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ እናቷ ከእግራችን ሥር ስትጠርግ፣ ሰው ምን ይለኛል? «አታልፍም» አሉ። በአንድ ድምፅ ጉድለት ወደቀች።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻቸው። «ጋሼ፣ አውቀውኝ ነበር?»

«አላወቅሁሽም» አሉ።

ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ያዋሷትን ቫዮሊን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች። ልብስ ንጽሕና መስጫ ተቀጥራ ስትተኩስ ኖረች፣ ኋላም ሞተች ሲባል ሰሙ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ጋሽ ቅኝት ግን ወጊው ሆነው ሳለ አንድ ቀን አልረሱም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሰባት ቁጥር ተጠራ። ምንጣፉ እርምጃውን ዋጠው። ከዚያ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ትንፋሽ ተሰማ።

ጋሽ ቅኝት ቀና አሉ። አጠገባቸው ያለችውን ቼሎ ተጫዋች ዘወር ብለው ቢያዩ እርሳሷን ትነክሳለች፤ ምንም የሰማች አትመስልም። ዜማው ጀመረ፤ የጠራ፣ የማይቸኩል ነበር። ልጇ ናት፣ አሉ በሆዳቸው፤ አስተምራት ነው የሞተችው። እጃቸውን አንሥተው «ታልፋለች» ለማለት ቋመጡ። ግን እሱም ያው ውሸት ነው፤ አውቆ አላወቅሁም ማለት። ደግሞ እንዲህ ለተጫወተ አራቱም ድምፅ ይሰጣሉ፤ የእኔ ምን ያደርግላታል? ዛሬስ እውነቱን ልናገር።

«እኔ ልውጣ። አውቄያታለሁ» አሉ።

የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ዋሽንት ነፊው፣ መነጽሩን ገፋ አደረገ። «እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? በምን አወቋት?»

«በትንፋሿ።»

«እኛ ምንም አልሰማንም።»

«ጆሮዬን ታውቁታላችሁ።»

ያንን ጆሮ ማን ይከራከራል? ፈርመው ከኋላ ተቀመጡ። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቅልል አላቸው። ሰብሳቢው ድምፅ ቆጠረ፤ ሁለት ለሁለት ሆነ።

«ሰባት ቁጥር፣ እናመሰግናለን። አላለፍሽም።»

ጋሽ ቅኝት ሮጠው ኮሪደር ወጡ። ቫዮሊኗን በጀርባዋ ያዘለች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ አንድ እግሯን የምትጎትት ሴት አገኙ። በመልክ ያቺን ልጅ አትመስልም፤ በዕድሜም ልጇ ልትሆን አትችልም።

«ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁዎት» አለች። «አውቄያታለሁ ያሉት እርስዎ ነዎት። የት ነው የምንተዋወቀው?»

«እናትሽ ቫዮሊን ትጫወት ነበር?»

«እናቴ ዓሣ ሻጭ ናት።»

«ትንፋሹን ታዲያ ማን አስተማረሽ? ከመጀመርሽ በፊት የምትስቢውን?»

«እኔ? እኔማ ስፈራ ትንፋሼን ነው የምይዘው። ተንፍሺ እያለ ሲቆጣኝ ነው አስተማሪዬ የኖረው።»

ተመልሰው ገቡ። «ተሳስቻለሁ፣ አላውቃትም። ድምፄን መልሱልኝ፤ ታልፋለች» አሉ።

ሰብሳቢው አዘነላቸው። «አሁንማ አይተዋታል ጋሼ። መጋረጃው ለምን ተሰቀለ ታዲያ?»

ወደ በሩ ዞሩ። ሴትየዋ በሩ ጋ ቆማ ትጠብቃለች። ፊታቸውን አይታ ነገሩ ገባት።

«ስለዚህ አያውቁኝም?»

«አላውቅሽም» አሉ።

ያቺኛዋን የሸኟት በዚሁ ቃል ነበር። ያኔ ውሸት ነበረ፤ ዛሬ እውነት ሆኖም ለማንም አልጠቀመም። ሴትየዋ የቫዮሊኗን ማንገቻ አስተካክላ፣ ፎቶው ላይ በሚስቁት ሰዎች ሥር አልፋ ወጣች።

«ስምንት ቁጥር» ተባለ። ጋሽ ቅኝት ቦታቸው ተመለሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ለእሳቸው ጆሮ ብቻ፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ትንፋሽ ተሳበ።