የጎረቤት መኪና

1.

ያፌት የመኪናዋን በር ጠርዝ በጥፍሩ ፋቀና፣ «እትዬ ስንዱ፣ ከነጩ ስር ሰማያዊ አለ!» አለ።

እሱ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት በጉልበቱ ተንበረከከና ከማጠፊያው አጠገብ ትንሽ ጨምሮ ፋቀ። ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለች።

«ታክሲ ነበረች ማለት ነው። ማን ነው ነጭ የቀባት? የእውነቴን ነው፣ ይሄን ያደረገ ሰው ምን ነክቶት ነው?»

ስንዱ የጫማዋን ጫፍ እያየች ነበር።


2. ቅጽ

ያፌት ለግዢው ያመጣው ነው። ስንዱ በገዛ እጇ ሞላችው።

የመኪናው ዓይነት፦ ፊያት 600፣ በተለምዶ ሰይቼንቶ
አሁን ያለው ቀለም፦ ነጭ
የቀድሞ ቀለም፦ ሰማያዊና ነጭ
ቆማ የቆየችበት ጊዜ፦ ሃያ ስድስት ዓመት
ለመጨረሻ ጊዜ የተነዳችው፦ ከውጭው በር እስከ ጓሮ፣ ወደ ኋላ
ቀለሙ የተቀየረበት ምክንያት፦
የባለቤት ስም፦

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ዘለለቻቸው። ስንዱ በመሥሪያ ቤቷ የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ ናት። «ባዶ ቦታ አይተውም» እያለች የስንቱን ሰው ቅጽ ከመስኮት ስትመልስ የኖረች ሴት ናት።


3.

አንባቢ ግራ እንዳይገባው ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ብዙ አይደሉም።

ስንዱ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ። አባቷ አቶ በላቸው፣ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፤ ጆሯቸው ደክሟል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አዲሱ ገበያ ባለው አሮጌ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሜላት የስንዱ ልጅ ናት። ያፌት ደግሞ አሮጌ መኪና እየገዛና እያደሰ ለሰርግ የሚያከራይ ወጣት ነው።

መኪናዋ በዚያው ቤት ጓሮ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ስር፣ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ስንዱ በቦታው ሁለት ክፍል ሰርቪስ ልታሠራ አስባ ነበር። መኪናዋን ቁራሌው ይውሰዳት ብላ ቀን ሁሉ ቆርጣለች። ሜላት ግን ሸራውን ገለጥ አድርጋ በስልኳ ፎቶ አነሳችና ለጓደኞቿ ላከች። በማግስቱ ያፌት ደወለ። «ቁራሌው እንዳይነካት! እለምንዎታለሁ፣ እስክመጣ እንዳይነካት!»


4.

ይህን ክፍል ቆይቼ እጽፈዋለሁ።


5. ዋጋ

እዚህ ጋ ዋጋውን መጻፍ ነበረብኝ። አልጽፈውም። ቁጥር ያየ አንባቢ ሌላ ነገር አይታየውም፣ እኔም አውቃችኋለሁ። ያፌት በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ስንዱ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ሜላት ከትከሻዋ በላይ አይታ «እማዬ!» አለች። ይበቃል።

«ለዚህች?» አለች ስንዱ።

«እትዬ፣ ዘመኑን አላወቁትም። ሊሞዚን የሚባለው ነገር ሙሽሮችን ሰልችቷቸዋል። አሁን የሚጋደሉት በእንደዚህች ዓይነቷ ነው። ሰማያዊና ነጭ ሲሆን ደግሞ ወረፋ አለው። ባለፈው አንዷ ሙሽራ ተከራይታ፣ ፎቶው ላይ ‹የአባቴ ታክሲ› ብላ ጻፈችበት።»

«አባቷ ታክሲ ነጂ ነበሩ?»

«ኧረ የት! ነጋዴ ናቸው።»

ሜላት ሳቀች። ስንዱም ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ ሳቁ ግን አልመጣም።


6. ከሰይቼንቶ ውስጥ ሆነሽ እንዳትታዪ (ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ)

የትምህርት ቤቱ ግንብ ሲታይሽ ደብተርሽን ጣይ።

ለማንሳት ጎንበስ በይ። አታንሺ።

አባትሽ «ወደቀብሽ?» ካለ «አዎ» በይ። በሳምንት አምስት ቀን ደብተር የሚወድቅባት ልጅ እንደሌለች ያውቃል። አንቺ እንደማያውቅ ቁጠሪው።

የጓደኛሽ አባት ትልቁ መኪና እስኪያልፍ ድረስ ቀና አትበይ።

አንድ ቀን አባትሽ ከትምህርት ቤቱ በፊት ካለው መታጠፊያ ላይ ያቆማል። «ከዚህ በእግርሽ ብትሄጂ ይሻላል፣ እዚያ ጋ መንገዱ ይጨናነቃል» ይልሻል። መንገዱ አይጨናነቅም።

አመስግኚውና ውረጂ።


7.

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ የስንዱ ሰርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አቶ በላቸው ለማንም ሳይናገሩ የሚከተለውን አደረጉ፦

የታክሲ ሰሌዳቸውን መልሰው የቤት መኪና ሰሌዳ አወጡ።

ጣሪያው ላይ የነበረውን «ታክሲ» የሚል ምልክት ፈቱ።

ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱና ነጭ ቀለም ደረቡበት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ሰማያዊው እየወጣ አስቸግሯቸው ነበር።

የውስጥ ወንበሩን ልብስ አስቀየሩ።

ሮዝ ሪባን ገዙ።

ከዚያ ስንዱን ወደ በሩ ጠሯትና «እንዴት ናት?» አሏት። እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ነበር።

ስንዱ በዚያን ጊዜ ልታገባው የተዘጋጀችው የትልቅ ሰው ልጅ ነው። የሙሽራው ወገን አሥራ ሁለት መኪና ያሰልፋል ተብሏል፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። መኪናዋን አየቻትና፣ «ጥሩ ናት አባዬ» አለች። «ግን ዘይት ታንጠባጥባለች።»

«አሠራታለሁ። ደግሞ ፊት አልሆንም» አሉ አቶ በላቸው። «ከአጀቡ መጨረሻ ብሆን ይበቃኛል።»


8.

መጨረሻ። የጠየቁት ይህን ብቻ ነው።


9.

ያፌት የመኪናዋን ሆድ ሊያይ መሬት ላይ ተጋደመ። ከስር ሆኖ የሚናገረው ይሰማል።

«ይቺ እኮ ተበላሽታ የቆመች አይደለችም። ዘይቷ በሥርዓት ተቀድቶ ወጥቷል። ብሎኬት ላይ ስለተቀመጠች ጎማዋ መሬት አይነካም። አይጥ እንዳይገባ ጭስ ማውጫዋ በጨርቅ ተደፍኗል። እትዬ፣ አንድ ሰው ይቺን መኪና ለሆነ ሰው ብሎ ነው ያስቀመጣት።»

ወጥቶ የፊቱን ክዳን ከፈተ። የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ ነው፣ ዕቃ የሚጫነው ከፊት። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሜላት ፈታችው። ሮዝ ሪባን ነው፣ ተጣጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ብቻ ወይቦ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች ስንዱ። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ዓይኗን በጨው አጥባ ለገዛ ልጇ ዋሸች።


10.

ቅጹ «ቀለሙ የተቀየረበት ምክንያት» ይላል። ስንዱ በልቧ የሞከረቻቸው መልሶች፦

ዝገት። (ውሸት)

የባለቤቱ ምርጫ። (ውሸት ባይሆንም እውነት አይደለም)

ለአንድ ቀን። (እውነት። ሰረዘችው)

አቶ በላቸው ከሰርጉ በኋላ ታክሲ አልነዱም። ሰሌዳው ተመልሷል፣ ቀለሙም ጠፍቷል። መልሰው ሰማያዊ ለመቀባት ደግሞ ልብ ያስፈልጋል። «ዓይኔ ደከመ፣ መንዳት ይበቃኛል» አሉና አንድ የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። ዓይኑ የደከመ ሰው ለጥበቃ እንደማይቀጠር ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም። ስንዱ ግን አመነች። ማመኑ ይቀላት ነበር።


11.

ሜላት ሕፃን ሆና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አያቷ ዘንድ ስትውል፣ ሸራውን እያሳየች ትጠይቅ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪና።»

«የማን?»

«የጎረቤት። አደራ ነው።»

«መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ባለቤቱ ሲመጣ።»

ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ስሟ «የጎረቤት መኪና» ሆኖ ቀረ። ኳሱ «የጎረቤት መኪና ስር ገባ» ይባላል። ድመቷ «የጎረቤት መኪና ላይ ወለደች» ይባላል። ይህ ስም በተጠራ ቁጥር ስንዱ ወይ ውሃ ትጠጣለች፣ ወይ ስልኳን ታያለች፣ ወይ ተነስታ ዕቃ ታነሳለች። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አላስተዋላትም። አንድ ሰው ብቻ ሳያስተውላት አልቀረም፤ እሱም ምንም ብሎ አያውቅም።


4.

አሁን ይጻፍ። ከዚህ በላይ መሸሽ እኔንም አሳፈረኝ።

የሰርጉ ቪዲዮ ካሴት አለ። ስንዱ ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ አላየችውም፣ ግን በቃሏ ትችለዋለች። ሙሽሮቹ ከቤት ወጥተዋል፣ ጥቁሮቹ መኪናዎች ከአጥሩ ውጭ ተሰልፈዋል። ከአጥሩ በር ጎን አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ቆማለች።

ካሜራማን፦ አንዴ ቁሙልኝ፣ አንዴ! ያቺ ነጯ ምስሉ ውስጥ ገባችብኝ። አንሱልኝ እስቲ።

የሙሽራው እህት፦ ውይ፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት? (ሳቅ) ስንዱ፣ የእናንተ ናት?

(አቶ በላቸው ከመኪናዋ አጠገብ ይታያሉ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። በእጃቸው ሮዝ ሪባን ይዘዋል፣ ግማሹ ታስሯል፣ ግማሹ አልታሰረም።)

ስንዱ፦ አይ። የጎረቤት ናት።

(ሁለት ሰከንድ።)

አቶ በላቸው፦ እሺ። እኔ ለጎረቤቱ እነግረዋለሁ።

(ሪባኑን ይፈታሉ። መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከምስሉ ትወጣለች።)*

* ከዚህ በኋላ ካሜራማኑ በልብ ቅርጽ የተከበበ አበባ አስገብቷል። አቶ በላቸው ኬክ እስኪቆረስ ድረስ ካሴቱ ላይ የሉም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እዚህ ላይ ተረቱ አይሠራም። ስንዱን አላመለጣትም፤ አስባ፣ መርጣ ነው ያለችው። አባቷ አጠገቧ እንደቆሙም ታውቅ ነበር። ያን ጊዜ ጆሯቸው ደህና ነበር።

በስንዱ ስም የምጽፈው እኔ ማን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። ስም በሚጠየቅበት መስመር ላይ የምትደናቀፈው እሷ ብቻ አይደለችም።


12.

ያፌት ስልኩን አወጣ። «ትንሽ ታሪኳን ልቅዳ፣ ሙሽሮች ታሪክ ይወዳሉ» አለና ወደ አቶ በላቸው ዞረ። ሽማግሌው ከጥላው ስር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው አፈሩን ይቆረቁሩ ነበር።

«አባባ! መኪናዋ የእርስዎ ናት?»

«ምን አለ?» አሉ አቶ በላቸው ወደ ልጃቸው።

ስንዱ ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ላይ ጮክ ብላ፣ «የማን ናት ነው የሚልህ፣ አባዬ» አለች።

አቶ በላቸው መኪናዋን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው ላይ ቂም የለም። ቂም ቢኖር ለስንዱ እንዴት በቀለላት ነበር። ፈገግ ብለው፣ እንደለመዱት፣ እሷን ከጭንቅ ለማውጣት በሚቸኩል ሰው አነጋገር፣

«የጎረቤት ናት» አሉ ለያፌት። «አደራ ናት።»

ያፌት ስልኩን ሳይዘጋ ዝቅ አደረገው። «እንዴ! እትዬ ስንዱ፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው እንዴ? እንዲህ ከሆነ እኔ አልነካትም። ቅጹም ላይ ስሙን ትተውታል። የማን ናት?»

ሜላት ሪባኑን እንደያዘች እናቷን ታያለች። ስልኩ አሁንም እየቀዳ ነው።

ስንዱ መልሱን ታውቀዋለች። ችግሩ በሹክሹክታ የሚሆን አለመሆኑ ነው። አባቷ እንዲሰሙት ከተፈለገ ጮክ ብላ፣ ሜላት እየሰማች፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እውነተኛዎቹ ጎረቤቶች እየሰሙ መናገር አለባት። ከዚያ ቀጥሎ «ታዲያ ለምን የጎረቤት ትባላለች?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

አቶ በላቸው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ጠበቁ።

ስንዱ ከአባቷ ጆሮ ቀና አለችና ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አደረገች።


13.

ስንዱ (                )፦ 


የባለቤት ስም፦