ያለ እጅ የሄደችው ቀስት

አባቴ ማውስ ሲይዝ ማየት አልወድም። እሱ ያረጀው መዝገብ ቤት ነው፤ እኔ እዚያው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። በቅርቡ ወረቀቱን ሁሉ ትተን በየጠረጴዛው ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ብቻ አስቀመጥን። ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት እኔ ክፍል ባለው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከፈለግሁ ከወንበሬ ሳልነሳ የማንንም ስክሪን አይቼ፣ የማውሱን ቀስት እንደ ልቤ መንዳት እችላለሁ።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ ማውሱን እየገፋ፣ እየገፋ ሄዶ «ልጄ፣ ጠረጴዛው አለቀብኝ!» ብሎ ከቢሮው ጫፍ ተጣራ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ አጠገቡ ደርሼ አላውቅም። እቤት እናቴ «ሳሙናውን ምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ማነው?» እያለች ስትነጫነጭ እንኳ ጆሮ አልሰጠኋትም።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን በየተራ ፈተነ። ፋይል ፈልጎ መክፈት ያቃተው መጋዘን ይገባል፤ የአባቴ ወገብ ደግሞ የመጋዘን ሸክም አይችልም። ተራው ሲደርስ በመስታወቱ ግድግዳ አሻግሬ አየሁት። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ቆሟል። ቀስቷ ቀስ እያለች ስትንፏቀቅ አላስቻለኝም፤ ያዝኳትና ወደ ፋይሉ ነዳኋት። ለሱ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። የፈራሁት ግን ደግሞ እንዳያዋርደኝ ነው።

መሃል ላይ አባቴ እጁን ከማውሱ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረ። እኔ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ አላየሁም። ቀስቷ ብቻዋን ሄዳ ፋይሉን ከፈተች።

«እሰይ! የጋሼስ ያለ እጅም ይሠራል!» አለች «ሬዲዮ» የምንላት ጸሐፊ። ቢሮው አውካካ።

«ማነው የሚሠራልዎት?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሳይስቅ።

አባቴ በመስታወቱ በኩል አየኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ እንጃ። ነገሩ አልሆነልኝም፤ መጋዘኑ ይሻለኛል» አለ።

«እኔ ነኝ» ማለት ምን ይከብድ ነበር?

ከሥራ ስንወጣ ጭራሽ ተቆጣሁት። «አባባ፣ ምነው እጅህን አነሳህ?»

«ወደ ፋይሉ እየወሰድኳት ከእጄ ሸሸችብኝ። አንቺ መሆንሽ ገባኝ። ለሁለት ስንጓተት እንዳናበላሸው ለቀቅኩልሽ።» ጥቂት ሄድ ብለን ደግሞ፣ «እኔማ ማታ ማታ በሳሙና ስለማመድ ነበር የከረምኩት» አለኝ።