የማታው ዋጋ በጠዋት

አሳንሰር ጠጋኙ በልጅነቱ፣ ተኝቷል ሲባል፣ ከመጋረጃ ወዲያ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ንግድ ሲያወጉ ሰምቶ ነበር። «ገበያ ሰው አይወድም፣ ሰው አይጠላም፤ ብቻ…» አለ አንደኛው። ሌላኛው በሳቅ ሲያቋርጠው ቀሪው ሳይሰማ ቀረ። ምናልባት በዚያ የተነሳ ይሆናል፣ ከጎለመሰ በኋላ የማይወድና የማይጠላ ፕሮግራም አክሲዮን ይግዛልኝ፣ ይሽጥልኝ ብሎ ኮድ መጻፍን ያለ አስተማሪ የተማረው።

ዛሬ ላፕቶፑን በታላቅ እህቱ የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ላይ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ዘርግቷል። የእናታቸው ቤት ተሽጦ ገንዘቡ በሁለቱም ስም ባንክ ተቀምጧል፤ ያለ እሷ ፊርማ አይወጣም።

«የመግዣና የመሸጫ ስልቴን በኮምፒውተር የሚያስኬዱልኝ ሁለት የግብይት መድረኮች አሉ፣ እትዬ» አላት። «በዚህኛው፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ዋጋ ስሞክረው ገንዘቡ ሦስት እጥፍ ሆነ። በዚያኛው ያው ስልት ከሰረ። እኔ ይሄኛውን መርጫለሁ፤ ፈርሚልኝ።»

እህቱ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «በዚያኛው ምን ሆኖ ከሰረ?»

«መድረኩ ግትር ስለሆነ ነዋ! ገበያው ገና ያልተዘጋበትን ቀን የማታ ዋጋ አልሰጥም ይላል።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ገበያው ማታ ሲዘጋ ዋጋው ከፍ ያለበትን ቀን እለያለሁ። ከዚያ ጠዋት እገዛለሁ።»

«በማግስቱ ጠዋት?»

«አይ፣ የዚያኑ ዕለት…»

«አንተ ልጅ! ማታ የሚሆነውን ጠዋት ማን ሹክ ይልሃል? ደንበኛው ለብሶ ሲጠበው አይቼ፣ ወደ ትናንት ተመልሼ አስፍቼ ብቆርጥለትማ እኔስ መቼ እሳሳት ነበር!»

ጆሮው ጋለ። በሩ ሳይገጥም አልንቀሳቀስም የሚልን አሳንሰር ሰዎች ሲረግሙት፣ «ተመስገን በሉ፣ ያተረፋችሁ እሱ ነው» የሚለው እሱ ነበር። ይህን ግትር መድረክ ግን ሰድቦ ሊጥለው ምንም አልቀረውም።

ግዢው በማግስቱ ጠዋት እንዲሆን አንዲቷን የኮድ መስመር አርሞ በመረጠው መድረክ ላይ ደግሞ ሞከረ። ትርፉ እንደ ጉም በነነ፤ ከዋናውም ጎደለ።

«ሁለት ዓመት የደከምኩበት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እህቱን ሳቅ አማራት፤ ፊቱን አይታ ተወችው። «ድካምህስ ከንቱ አይደለም። ግን የእናታችን ቤት ዳግም አይሸጥም፣ ወንድም ዓለም። በግትሩ መድረክ፣ በልምምድ ገንዘብ ስድስት ወር ሞክረው። ብታተርፍም ብትከስርም እያመጣህ ታሳየኛለህ። እግዜር ካለ ያኔ እንነጋገራለን።»

«በውሸት ገንዘብ መነገድ ለእኔ ዕድሜ ያሳፍራል እኮ።»

«በውሸት ገንዘብ የከሰረ ሰው ምሳውን ይበላል።»

ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ በመረጠው መድረክ ላይ ሞልቶ የጨረሰውን የመመዝገቢያ ቅጽ ለአፍታ ተመለከተና ሰረዘው።

«ስድስት ወር ያንሳል፣ እትዬ» አላት። «ዓመት ይሁን።»